በቡናው አገር ደም ለምን ይረጋል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወርደውን አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ የያዘውን ወንበር የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። እስከ ቴፒ የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይበልጥ ይረዝምበታል። ጉልበቱ ከፊተኛው ወንበር ጀርባ ጋር ተጋጥሞ፤ ዕቃው ከእግሩ ሥር ተጠቅጥቆ፤ በመንገድ እንዳይቸገር ውሃ ከመጠጣት ተቆጥቦ፤ ምናልባትም እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት እየቃመ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሲወርድ እግሩ አብጦ ጫማው ይጠበዋል። «የመንገድ ነው» ብሎ ይተወዋል። ብዙውን ጊዜም እውነቱን ነው፤ አድሮ ይቀንስለታል። አልፎ አልፎ ግን አድሮ የማይቀንስ እብጠት አለ። ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ተወስኖ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት፤ የክልሉ ማእከልነት ለአንድ ከተማ ብቻ አልተሰጠም፤ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ተካፍለውታል። ይህ አደላደል ለአስተዳደር ያለውን ጥቅምና ችግር ለመመርመር አልተነሣንም። ነገሩ ከጤና በኩል ሲታይ ግን ልብ የሚባል ነው። አባቱ ከማሳ ወደ ገበያ፤ ከገበያ ወደ ቡናው ጫካ በእግሩ ሲመላለስ የኖረ ወጣት፤ ዛሬ በአንዱ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከከተማ ወደ ከተማ በመኪና ተቀምጦ ይሄዳል፤ ለስብሰባው ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ይመለሳል፤ ማታም ከባልንጀሮቹ ጋር ተቀምጦ ያመሻል። በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውም ተማሪ ኑሮው ከዚህ እምብዛም አይለይም። ከእግር ወደ ወንበር የተደረገው ይህ ዝውውር በአንድ ትውልድ ዕድሜ የተፈጸመ ነው። ሰውነታችን ግን ወሬውን ገና የሰማ አይመስልም።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። የደም ግፊትን በተለምዶ «ደም ብዛት» እንለዋለን። ይህን ስም የሰማ ሰው ደሙ ከልኩ በላይ የበዛ ይመስለዋል፤ ንዴት ያመጣው፤ ዕረፍት የሚመልሰው አድርጎም ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ ግፊት ማለት ደሙ የሚሄድበትን ቧንቧ ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው። ስላልተናደዱ ግፊት የሌለባቸው መስሎአቸው የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። «ደም ረጋ» የሚለው አነጋገራችን ግን ከዚያኛው ይሻላል። ወተት እንዲረጋላት የምትፈልግ ባልቴት ዕቃውን አትነቀንቀውም፤ አንድ ቦታ ታኖረዋለች። ደም የሚረጋበት መንገድ ከወተቱ ፈጽሞ የተለየ ቢሆንም፤ መንቀሳቀስ ያጣ ነገር እንደሚረጋ ማመልከቱ ወደ እውነቱ ያስጠጋል።

ደም መርጋቱ በራሱ ጠላት አይደለም። ገጀራ የቈረጠው ጣት ደሙ የማይቆም ቢሆን ኖሮ፤ የቡና ጫካ የሚመነጥር ሰው ሁሉ በደኅና ወደ ቤቱ ባልተመለሰ ነበር። ቧንቧው ሲቀደድ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች በቀዳዳው ላይ ይከማቻሉ፤ ፋይብሪን የተባለው ክር መሳይ ነገር እንደ ሸረሪት ድር ያያይዛቸዋል፤ ቁስሉም ይደፈናል። ጥፋት የሚሆነው ይህ ሁሉ ሥራ ቁስል በሌለበት፤ በቧንቧው ውስጥ ሲከናወን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በነበረው በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርኾ ስም የሚታወቁት ሦስት ምክንያቶች ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ፤ እነርሱም የደሙ አካሄድ መዘግየት፣ የቧንቧው ግድግዳ መጐዳትና የደሙ የራሱ ጠባይ መለወጥ ናቸው።

ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚወስዱት ቧንቧዎች ደም ቅዳ፤ ወደ ልብ የሚመልሱት ደግሞ ደም መልስ ይባላሉ። በደም ቅዳ ውስጥ የሚረጋው ደም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ግፊት፣ ትንባሆ፣ ስኳርና ስብ ለዓመታት ካቈሰሉት ግድግዳ ላይ ሲሆን፤ ልብ ላይ ቢሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም፤ አንጐል ላይ ቢሆን ስትሮክ ያስከትላል። በደም መልስ ውስጥ የሚረጋው ግን በዋናው የዝምታ ልጅ ነው። ደም ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ የሚወጣው የባት ጡንቻ እየጨመቀ ሲገፋው ነው፤ ስለዚህ ሐኪሞች ባትን ሁለተኛ ልብ ይሉታል። ተቀምጠን ስንውል ይህ ሁለተኛ ልብ ሥራ ይፈታል። በእግር የረጋው ደም ከቦታው ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሰውን በጥቂት ደቂቃዎች ሊገድል ይችላል።

ይህ ከመላምት የመጣ ነገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፤ ሕዝቡ ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ በሸራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር። ኪዝ ሲምፕሰን የተባለው ሐኪም ሬሳ ሲመረምር፤ ቦምብ ያልነካቸው ሰዎች ሳንባቸው በረጋ ደም ተዘግቶ መሞታቸውን አየ። የወንበሩ የፊት እንጨት ጭናቸውን ከሥር ተጭኖ ደሙን ሲያግደው ያድር ነበርና። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው መድኃኒት አልነበረም፤ ሰዎቹ የሚጋደሙበት አልጋ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ፤ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠው የሚጓዙ ሰዎች ደማቸው በደም መልስ ውስጥ የመርጋቱ ዕድል እጥፍ ያህል እንደሚሆን አመለከተ። ይህም በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በመኪናና በባቡርም ጭምር ነው። አንባቢዎቻችንን ለማስደንገጥ አንፈልግም፤ ያው ጥናት አደጋው ከስድስት ሺህ ተጓዦች አንዱን የሚያገኝ መሆኑንም ገልጿል። ነገር ግን ጉዞው ካለቀ በኋላ አደጋው ለጥቂት ሳምንታት ይቈያል። ሰውነቱ የወፈረ፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ፣ በቅርብ ቀን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ወይም በቤተ ዘመዱ የደም መርጋት ያለበት ሰው ከሌላው የበለጠ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ምሳውን በልቶ ወዲያው ወደ ወንበሩ ከሚመለስ ይልቅ አሥር ደቂቃ መራመድ፤ በወንበሩም ላይ ሳለ ተረከዙን አንሥቶ መጣል፤ ውሃውንም ሳይፈሩ መጠጣት ይበጃል። ሾፌሩ ቢያጕረመርምም «ለአፍታ ወርጄ ልቁም» ማለት ነውር አይደለም።

እዚህ ላይ ለአራሶች አንድ ቃል እንጨምር። ሴት ልጅ በወለደች በስድስት ሳምንት ውስጥ ደሟ የመርጋቱ ዕድል ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበረታ ነው። ይህ ጊዜ በእኛ ልማድ አራስ ከመኝታዋ እንዳትነሣ ከምትጠበቅበት ወራት ጋር መግጠሙ አሳሳቢ ነው። ገንፎውና የዘመድ ጥየቃው ይቅር አንልም፤ በቤቷ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንድትል ግን ይፈቀድላት።

በሚዛንና በቴፒ አካባቢ ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ሌላ ምክንያት አለ። የደቡብ ምዕራብ ደጋ፤ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው የእግር ዝሆኔ የሚገኝበት አገር ነው። ከዚህም የተነሣ እግሩ ያበጠ ሰው «ዝሆኔ ጀመረው»፤ ወይም «ምች መታው» ይባልና ቅጠል ተቀብቶ ቤቱ ይቀመጣል። ልዩነቱን ማወቅ ግን ነፍስ ያድናል። ዝሆኔ ከእግር ጣትና ከመዳፍ ተነሥቶ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም እግሮች ይይዛል። የረጋ ደም ያመጣው እብጠት በቀናት ውስጥ የሚታይ፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር ብቻ የሆነ፤ ባቱ ሲነካ የሚያምና የሚሞቅ ነው። በዚህ ላይ የትንፋሽ ማጠርና ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም ከተጨመረ፤ ያ ሰው ሌሊት ሳይል ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እንዲህ ያለውን እግር ማሸትም ክፉ ነው፤ የረጋውን ሊነቅለው ይችላልና።

ስለ አውቶቡስ ካነሣን አይቀር፤ ጄሪ ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው ጥናት ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። ሞሪስ የለንደንን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሾፌሮችና ቲኬት ቈራጮች አስተያየ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መኪና ነው፤ ኑሮአቸውም ተቀራራቢ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ቲኬት ቈራጩ በቀን በመቶ የሚቈጠር ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። በልብ ሕመም ይበልጥ ይጠቁ የነበሩት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። ሞሪስ ሐቀኛ ሰው ስለ ነበረ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እርሱና ባልደረቦቹ የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ መርምረው ሾፌሮቹ ፊቱኑም ወፈር ያሉ እንደ ነበሩ ገለጹ፤ ጥፋቱ ሁሉ የወንበሩ ብቻ እንዳልሆነ ማለት ነው። የሆነ ሆኖ ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች የተደረጉት ብዙ ጥናቶች ፍርዱን አጽንተውታል። በእኛ መንገድ ላይ ጆንያና ፍየል ወደ ጣራው ሲያወጣና ሲያወርድ የሚውለውን ረዳት ያየ ሰው፤ የትኛው በልቡ ደኅና እንደሚከርም ለመገመት አይቸገርም።

አሁን ወደ ተከሳሹ ወደ ቡና እንምጣ። የልብ ትርታ የተሰማውና እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ የሚከሰው ቡናን ነው። በቡና አገር ተቀምጦ ቡናን መክሰስ ደፋርነት ይጠይቃል፤ እኛም ያለ ማስረጃ ጠበቃ ለመሆን አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የሐኪሞች መጽሔት የወጣው ሰፊ ግምገማ፤ በቀን ሦስት አራት ስኒ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት ይልቅ በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ እርጉዝ ሴቶች ግን ከዚህ ምክር ውጭ ናቸው። በሌላ ወገን በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት፤ እንደ እኛው አፍልተው የሚጠጡ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ኮሌስትሮል በዝቶ መገኘቱን ገልጿል። ምክንያቱ በቡናው ቅባት ውስጥ ያለው ካፌስቶል የተባለው ነገር መሆኑ ኋላ ታወቀ። በወረቀት የተጠለለ ቡና ይህን ቅባት ያስቀራል፤ የተፈላ ያሳልፋል። በጀበናችን አፍ የሚወተፈው ጭራ ወይም ቃጫ አተላውን ይይዝ ይሆናል እንጂ ቅባቱን አያስቀርም። እንግዲህ ስኒያችን ትንሽ መሆኗ፤ ከአቦል ወደ ቶና፣ ከቶና ወደ በረካ ሲሄዱም እየቀጠነ መምጣቱ ይረዳን ይሆናል። ኮሌስትሮል እንዳለበት በሐኪም የተነገረው ሰው ግን አቦሉን ቢያሳንስ አይከፋም።

ከቡናው ይልቅ የሚያሳስበን ከቡናው ጋር የሚመጣው ነው። በአንድ ወቅት ከቴፒ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ሳለ፤ ቡናውን የሚያፈሉት እናት ከስኒው ላይ በጣታቸው ቆንጥረው ጨው ሊጨምሩልን ሲሉ «እማማ፤ ለእኛ ያለ ጨው ይሁንልን» ብንላቸው፤ «ምነው ልጆቼ፤ ታማችኋል እንዴ?» አሉን። እኛም የምንመልሰው አጣን። በደቡብ ምዕራብ ቡና በጨው፤ አንዳንዴም በቅቤ መጠጣት ያረጀ ልማድ ነው፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላውና ዝንጅብልና ቃሪያ የሚገባበት ጨሞም ጨው አያጣም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት፤ አንድ ጐልማሳ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም፤ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ቀኑን ሙሉ በቡና ጫካ ሲያልበው የሚውለው አባት ከጨውየው ከፊሉን በላቡ ይሸኘዋል። በወንበር የሚውለው ልጅ ያንኑ ስኒ በዚያው ልክ ሲጠጣ ጨውየው ከእርሱ ጋር ያድራል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል።

ጫትና ትንባሆን በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ነገሩ ግልጥ ነው። ጫት የልብን ትርታና የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በየመን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት፤ በሌላው ዓለም በጧት የሚበረታው ድንገተኛ የልብ ሕመም በቃሚዎች ዘንድ ወደ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ፤ ማለት ወደ መቃሚያው ጊዜ መዞሩን አመልክቷል። በዚያ ላይ ጫት የሚቃመው ተቀምጦ፤ ብዙ ጊዜም ሲጋራ ታክሎበት ነው። ትንባሆ የቧንቧውን ግድግዳ ያቈስላል፤ ፕላትሌቶችንም እንዲጣበቁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ከፊርኾ ሦስት ምክንያቶች ሁለቱን በአንድ እጁ ያሟላል። የአገሬው ሽማግሌዎች በጋያ የሚያጨሱት ትንባሆ በውሃ ስላለፈ ጉዳት የለውም የሚለው አስተሳሰብም ትክክል አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ይህን አዋጅ ማስከበር ከሚገባቸው መካከል ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ ይገኙበታል።

ከምግብ በኩል አካባቢው ድኻ አይደለም። ጎደሬ፣ ቆጮ፣ ሙዝ፣ አናናስ፣ አቮካዶና ማንጎ ሞልቷል። ሆኖም ከላይ ያነሣነው የ2015 ጥናት እንደ አገር፤ ከመቶ 97 የሚበልጠው ሰው የሚበቃውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበላ ይናገራል። ሙዙ ለጭነት መኪና ይሸጥና በገንዘቡ ነጭ ዳቦና ከውጭ የመጣ ዘይት ይገዛበታል። ገበያተኛው «የሚረጋው ዘይት» የሚለው የፓልም ዘይት በጀሪካኑ ውስጥ እንደሚረጋ እንዲሁ በሥራችን ውስጥ የሚረጋ የሚመስለው ሰው አለ፤ እንደዚያ አይደለም። ይሁን እንጂ ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን የሚያበዛው የስብ ዓይነት ስለሆነ፤ ሥጋቱ ከምክንያቱ በቀር አልተሳሳተም። በቴፒ የሚመረተው እርድና ዝንጅብልም «ደም ያቀጥናል» እየተባለ ይወደሳል፤ ለወጥ በሚሆነው መጠን የረጋን ደም ስለመፍታቱ ማስረጃ የለም።

ይህ ሁሉ ትውልድ የሚፈጅ ለውጥ የሚመስለው ካለ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፤ ኋላም በ1991 ከአገራችን ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን ይመልከት። ከሄዱት ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች፤ እግረኞችና ቀጭኖች ነበሩ። ጥቂት ዓመት በከተማ እንደ ተቀመጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ጥናት ከወጣቶቹ መካከል የስኳር በሽታ በዝቶ ማግኘቱን ገለጠ። ደሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ማዕዱና እርምጃው ነው። ሚዛን ተፈሪ ቴል አቪቭ አይደለችም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

አንዴ ከረጋ በኋላ ያለው ሕክምና ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዋርፋሪን የተባለው ኪኒን ደም በየጊዜው እየተመረመረ መጠኑ መስተካከል አለበት፤ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ያደማል። ከጎመን ጋርም ጠብ አለው፤ በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቃረናልና። በሽተኛው ጎመን ይተው ማለት አይደለም፤ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ በልቶ በሚቀጥለው ጭራሽ ከሚተው፤ መጠኑን ሳይለውጥ ቢበላ ይሻለዋል። ምርመራውን በቅርብ ያላገኘ የገጠር ሰው ለዚሁ ሲል እንደገና ያንን ረጅም አውቶቡስ ይሳፈራል።

ያው የ2015 ጥናት ከመቶ ጐልማሶች 16 ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸውና ከእነርሱም የሚበዙት ሕክምና እንደማያገኙ ገልጿል። ግፊት አያምም፤ በቴፒ ቈላ ራሱን ያመመው ሰው ደግሞ ሁሉን ለወባ ይሰጠዋል። ከ140 በላይ ወይም ከ90 በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ የተገኘ ልክ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው። ልኩን ለማወቅ የሚያስፈልገው በክንድ ላይ የሚታሰር አንድ መሣሪያና አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። በቦንጋም ሆነ በሚዛን አማን ለሚደረገው ስብሰባ ሠራተኞች ከአራቱም ከተሞች መጥተው ለውሎ አበል ሲፈርሙ፤ ከመዝገቡ አጠገብ ያንን መሣሪያ የያዘ አንድ ነርስ ቢቀመጥ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያስወጣው ወጪ ከሻይ ሰዓቱ ዳቦ የሚበልጥ አይመስለንም።